ባዶ የመሰለኝ ውሃ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ አመጋገብና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የመጣሁት ስለ ዓሣ ነው። «ዓሣንና ቤተሰብን ምን አገናኛቸው?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ሁለት ትንንሽ ዓሦች በገዛ ጥድፊያዬ እስኪሞቱ ድረስ እንደዚሁ ነበር የምለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር ልጄ ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ በመቃረቧ፣ እሷን ለማረስ በርበሬዬንና ሽሮዬን፣ ለገንፎ የሚሆነውንም ዱቄት ሸክፌ አሜሪካን አገር ሜሪላንድ ውስጥ ወደምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድሁ። እዚያም የ9 ዓመት የልጅ ልጅ አለኝ። ይህ ልጅ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ብቸኛ ስለነበር፣ ታናሽ ስትመጣበት ቅር እንዳይለው አባቱ አስቦ አንድ ስጦታ አዘጋጅቶለታል። ይኸውም 150 ሊትር ያህል ውሃ የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ ሲሆን፣ የባሕር ዓሣና በባሕር ውስጥ ዐለት የሚሠራው ኮራል የሚኖርበት ነው።

ገንዳው በሚገባ ተሟልቷል። ውሃው ከቧንቧ ተቀድቶ ክሎሪኑና ሌላው ባዕድ ነገር ሁሉ በማጣሪያ ወጥቶለታል። ከዚያም በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ለዚሁ የተዘጋጀ ጨው ተጨምሮበት እንደ ባሕር ውሃ ሆኗል። ማሞቂያው ሙቀቱን በ25 ዲግሪ ይጠብቃል፤ ፓምፑም ሌት ተቀን ውሃውን ያንቀሳቅሳል። ከታች ነጭ አሸዋ ተነጥፏል፤ በላዩም እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ድንጋይ ተከምሯል። ዓሣ ግን የለም።

«ዓሣው የታለ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እማማ፣ ውሃው ገና አልደረሰም» አለኝ አማቼ።

«ጠላ ይደርሳል እንጂ ውሃ ይደርሳል እንዴ?» ብዬ ሳቅሁበት። እሱም እየሳቀ፣ 4 ወይም 6 ሳምንት መቆየት እንደሚያስፈልግ ነገረኝና ወደ ሥራው ሄደ። ብዙም አልሰማሁትም።

ልጄ በሰላም ተገላገለች፤ የተወለደችውም ሴት ናት። ቤቱ በእንግዳ፣ በገንፎና በዕልልታ ተሞላ። ሁሉም ሕፃኗን ሲያይ፣ ትልቁ ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከባዶው ገንዳ ፊት ለፊት ተቀምጦ ውሃውን ይመለከታል። እናንተ እናቶች እንደምታውቁት፣ እንዲህ ያለውን ልጅ ማየት አንጀት ይበላል።

አንድ ቀን ቤት ሳጸዳ ገንዳውን ብመለከት፣ ከድንጋዩ ሥር አንድ የበሰበሰ ነገር አየሁ። ሽሪምፕ የሚሉት የባሕር ፍጡር ነው። «ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው!» ብዬ በጭልፋ አውጥቼ ጣልሁት። ለካስ አማቼ እንዲበሰብስ ሆን ብሎ ያስቀመጠው ኖሯል። ውሃውን ያጸዳሁ መስሎኝ በሥራዬ ኮራሁ። ይህ በሆነ በማግሥቱ፣ ገንዳው ውሃ በያዘ ገና በ10ኛው ቀን መሆኑ ነው፣ አንዲት የጎረቤት ልጅ በመኪናዋ እንድታደርሰን ለምኜ የልጅ ልጄን ወደ ዓሣ ሻጭ ወሰድሁት።

ሻጩ ዓሦቹን ከመስጠቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቀን። ልጁ ሲተረጉምልኝ «ገንዳው ከተሞላ ስንት ጊዜ ሆነው ይላል» አለኝ።

«ቆይቷል በለው» አልሁት።

ልጁ ዓይን ዓይኔን አየኝና እንዳልሁት ተናገረ። ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች በላስቲክ ከረጢት ተሰጡን። በዚያ ቀን የልጁን ደስታ ላየ፣ የዓለምን ሀብት ሁሉ የሰጠሁት ይመስል ነበር።

በማግሥቱ ዓሦቹ ምግብ እንቢ አሉ። ውሃው ላይ ተንሳፈው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ፤ ከራሳቸው ግራና ቀኝ ያለው መተንፈሻቸውም ቶሎ ቶሎ ይመታል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለቱም ሞተው ተገኙ። ልጁ ሲያለቅስ ምን ብዬ እንዳባበልሁት ታውቃላችሁ? «ሻጩ በሽተኛ ዓሣ ሰጥቶ አታለለን» አልሁት። የራሴን ጥፋት በማላውቀው ሰው ላይ ላከክሁ።

በዚያው ሌሊት ልጁ እንቅልፍ እንቢ ብሎት ወደ መኝታዬ መጣ። በጨለማ ውስጥ ቀስ ብሎ «እማማ፣ ሕፃኗም አዲስ ናት፤ እሷም ትሞታለች?» አለኝ።

እህቶቼ፣ ያን ጊዜ የሆንሁትን በቃል መግለጽ አልችልም። በውሸቴ ምክንያት ልጁ የሞቱበትን ዓሦችና እህቱን በአንድ ላይ ደምሮ፣ ይህን ፍርሃት ብቻውን ሲያብሰለስል ኖሯል። ተነሥቼ መብራት አበራሁና «ስማኝ ልጄ፤ ሻጩ አላታለለንም። እሱ ጠይቆን ነበር፤ እንድትዋሽ ያደረግሁህ እኔ ነኝ። አባትህ ቆዩ ብሎ ነበር፤ እኔ ቸኮልሁ» አልሁት። ጥቂት ዝም አለና «ቤቱ ስላልደረሰላቸው ነው የሞቱት?» አለኝ። «አዎን። ለእህትህ ግን አባትና እናትህ፣ አንተም ጭምር፣ ቤቱን ስታዘጋጁላት ቆይታችኋል» አልሁት። እጄን እንደ ያዘ እንቅልፍ ወሰደው።

በማግሥቱ አማቼን ይቅርታ ጠይቄ፣ በመጀመሪያው ቀን ያልሰማሁትን ትምህርት እንደገና እንዲነግረኝ ለመንሁት። እሱም ሳይቆጣ አስረዳኝ።

ዓሣ በመተንፈሻው በኩል አሞኒያ የሚባል መርዝ ወደ ውሃው ያስወጣል። የተረፈ ምግብና ቆሻሻም ሲበሰብስ ያንኑ አሞኒያ ያበዛል። በሰፊው ባሕር ይህ ነገር አይታወቅም፤ በጠባብ ገንዳ ውስጥ ግን ዓሣው በገዛ ቆሻሻው ይመረዛል። የባሕር ውሃ በባሕርዩ ወደ አልካሊነት የሚያደላ በመሆኑ፣ አሞኒያው በእሱ ውስጥ መርዝነቱ ይበረታል። ከዚህ የሚያድኑት በዓይን የማይታዩ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ሁለተኛዎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት እጅግ ካልበዛ በስተቀር ብዙ አይጎዳም፤ ውሃውን በየጊዜው በከፊል በመቀየርም ይቀነሳል። ይህ ሥራ የረቂቅ ሕዋሳት ሥራ መሆኑን፣ ሁለቱንም እርምጃ የሚፈጽሙት የተለያዩ ሕዋሳት መሆናቸውንም፣ ኪየቭ የተወለደው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ በዙሪክ ከተማ አረጋግጧል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በድንጋዩ ቀዳዳ፣ በአሸዋውና በማጣሪያው ላይ ተለጥፈው ነው። አረባባቸው ግን ዝግተኛ ነው። ምግብ የሚያበላሹት አንዳንዶቹ በ20 ደቂቃ እጥፍ ሲሆኑ፣ እነዚህ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል። ለመርባትም አሞኒያ ያስፈልጋቸዋል። ያ እኔ የጣልሁት ሽሪምፕ ለካስ ምግባቸው ኖሯል! እሱን ማውጣቴም አስቀድሞ የተጠራቀመውን አሞኒያ ከውሃው አላስወጣውም።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ እርሾ ነው። እኛ ሴቶች ይህን ነገር ሳንማር የምናውቀው አይደለምን? አዲስ ቤት ገብታ እርሾ የሌላት ሴት፣ ጤፉን በውሃ አቡክታ እስኪኮመጥጥ ድረስ ቀናት ትጠብቃለች፤ የመጀመሪያው እንጀራም ዓይን አያወጣላትም። ሊጡ ውስጥ በዓይን የሚታይ ነገር የለም፤ ሥራው ግን ከውስጥ ይካሄዳል። ዕድሜዬን ሙሉ ሊጥ ሳስቦካ ኖሬ፣ ውሃ «ይደርሳል» ሲባል መሳቄ አሳፈረኝ።

ከዚያም አማቼ ውሃውን በከፊል ቀይሮ ሌላ ሽሪምፕ አስገባ። ለልጁና ለእኔ ደግሞ የመመርመሪያ ጠብታ ሰጠን። ውሃው በትንሽ ብልቃጥ ይቀዳል፤ ጠብታው ይጨመርበታል፤ ቀለሙም ከወረቀት ጋር ይነጻጸራል። ቢጫ ከሆነ አሞኒያ የለም፤ አረንጓዴ ከሆነ አለ ማለት ነው። ለናይትራይት ደግሞ ሰማያዊው ደኅና ሲሆን ሐምራዊው ገና መሆኑን ያመለክታል። በየ3 ቀኑ ልጁ ውጤቱን በደብተሩ ላይ ይጽፋል። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አሁንም አረንጓዴ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አረንጓዴው ሲደበዝዝ ሐምራዊው ደመቀ። የፊተኞቹ ባክቴሪያዎች ሥራ መጀመራቸው ነው።

በአራተኛው ሳምንት አሸዋውና መስተዋቱ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ለበሰ። እኔ ጨርቄን ይዤ ልፈገፍግ ስነሣ «እማማ፣ ተይ! ይህም ያልፋል፤ አባዬ ነግሮኛል» ብሎ ልጁ ከለከለኝ። ጨርቄን አስቀመጥሁ። ቡናማው ነገር በአዲስ ገንዳ ላይ የሚወጣ የአልጌ ዓይነት ሲሆን፣ በእርግጥም ከጥቂት ሳምንት በኋላ በራሱ እየሳሳ ሄደ።

ሰባተኛው ሳምንት ሲጋመስ አንዱ ብልቃጥ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ሆነ። አማቼ አሁንም አላመነም። ጥቂት አሞኒያ ጨመረና በማግሥቱ መረመረ፤ መርዙ በ24 ሰዓት ውስጥ ጠፍቷል። የውሃውን ሩብ ያህል ቀየረና ሁለት ዓሣ ብቻ አመጣ። «ኮራሉስ?» ብለው «እሱማ ገና ወራት ይጠብቃል» አለኝ። በዚህ ጊዜ አልሳቅሁም። ዓሦቹ በገቡ በማግሥቱ ልጁ እህቱን አቅፎ ከገንዳው ፊት ተቀመጠና አሳያት። እነሆ እኔ ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላም ዓሦቹ ደኅና መሆናቸውን በስልክ ይነግረኛል።

የባሕር ውሃ ገንዳ ለብዙዎቻችን ሩቅና ውድ ነው። ነገር ግን በከተማችን ለልጆቻቸው ወርቃማ ዓሣ የሚገዙ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ዓሣውም በሳምንቱ ይሞትና ልጆቹ ያለቅሳሉ። ጨው በሌለው ውሃም ሕጉ አንድ ነው፤ እንዲያውም ናይትራይቱ በዚህኛው ውሃ ይበልጥ ይጎዳል፤ የዓሣው ደም ኦክስጂን እንዳይሸከም ያደርጋልና። ስለሆነም የሚከተለውን ምክር ብትሰሙኝ ትጠቀማላችሁ።

ገንዳውንና ማጣሪያውን አስቀድማችሁ ግዙ፤ ዓሣውን ኋላ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክዳን በሌለው ሰፊ ዕቃ አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ። ገንዳው ባዶ ሳለ በየዕለቱ ትንሽ የዓሣ ምግብ ጨምሩበትና ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ካስፈለገም ከዚያ በላይ ጠብቁ። ጤነኛ ዓሣ ያላት ጎረቤት ካለቻችሁ፣ እርሾ እንደምትበደሩ ሁሉ ከማጣሪያዋ ስፖንጅ ቁራጭ ተበደሩ፤ ጊዜው ያጥራል። ዓሦችን ሁሉ ባንድ ቀን አታስገቡ። ስፖንጁ ሲቆሽሽም በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላልና ከገንዳው በተቀዳ ውሃ እጠቡት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ልጅን ለማስደሰት በመቸኮል ጥፋት ከሠራችሁ ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ አታላክኩ። ልጁ ለዓሣው ሞት የነገርሁትን ምክንያት ወስዶ በእህቱ ሕይወት ላይ ሲተረጉመው ባልሰማሁ፣ ያን ፍርሃት ይዞ ያድግ ነበር። ዛሬ በስልክ ሲያጫውተኝ የዓሦቹን ደኅንነት ከነገረኝ በኋላ «እማማ፣ እዚያስ የጎረቤቶችሽ ውሃ ደርሷል?» እያለ ይቀልድብኛል። ቀልዱን በደስታ እቀበለዋለሁ።