በሥዕል ተረት ስላየሁት ሞኝነት

በአምቦ ከተማ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሥራ ከያዝሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ። ሥራዬ ሰው የተናገረውን መጻፍ፥ መዝገብ መጠበቅና በቀጠሮው ቀን ማቅረብ ስለ ሆነ፥ የሰውን ሞኝነት ከሌላው ይልቅ በቅርብ አያለሁ። ሁለት ወንድማማች ስለ አንድ ድንበር ሲካሰሱ ከመሬቱ ዋጋ የሚበልጥ ገንዘብ አውጥተው፥ የሽማግሌንም ልመና እንቢ ብለው፥ በመጨረሻው ሁለቱም አዝነው ሲሄዱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ሌላ ሞኝነት ማየት አይወድም ነበረ። ነገር ግን ልጆቼ የጃፓን ሰዎች የሚሠሩትን፥ ሥዕሉ ነፍስ እንዳለው ሆኖ የሚንቀሳቀስበትን ተረት እጅግ ይወዳሉ። ባለፈው ሐምሌ ዝናቡ በጊዜ ወደ ቤት ሲያስገባን እኔም ከእነርሱ ጋራ ተቀምጬ መመልከት ጀመርሁ።

ልጆቹ አንድ ጨዋታ አላቸው። በተረቱ ውስጥ ያለው ሰው ያለ ማስተዋል አንድ ነገር ባደረገ ጊዜ ችሎት ይቀመጣሉ፤ አንዱ ከሳሽ፥ አንዱ ጠበቃ ይሆንና ፍርዱን ለእኔ ይተዉልኛል።

በመጀመሪያ የቀረበው ሃያኦ ሚያዛኪ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. ባወጣው ፊልም ያሉት ባልና ሚስት ጕዳይ ነው። እነዚህ ሰዎች ከልጃቸው ጋራ ወደማያውቁት ከተማ ይገባሉ። ሰው በሌለበት ገበታ ላይ የተዘረጋ ምግብ ያገኙና፥ ገንዘብ አለንና በኋላ እንከፍላለን ብለው፥ ልጂቱ እንቢ እያለች ይበላሉ። ምግቡ ግን ለመናፍስት የተሰናዳ ነበረና ሁለቱም ዐሣማ ሆኑ፤ ልጂቱም እነርሱን ለማዳን በመናፍስቱ መታጠቢያ ቤት ሠራተኛ ሆነች። እኔም ‹‹ባለቤቱ እንብላ ሳይለው እጁን የሚሰድ ሰው የራሱ ከሳሽ ነው›› ብዬ ፈረድሁ።

ሁለተኛው በ2006 ዓ.ም. በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው፥ ስሙ የተጻፈበት ሰው ሁሉ የሚሞትበትን ደብተር ስላገኘ ተማሪ የሚናገረው ታሪክ ነው። ይህ ተማሪ ብልኅ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው በቴሌቪዥን ቀርቦ ቢሰድበው ቍጣውን መግታት አቅቶት በዚያው ሰዓት ስሙን ጽፎ ገደለው። ስድቡ የተላለፈው ካንቶ በሚባለው የጃፓን ክፍል ብቻ ነበረና፥ የሚፈልገው ሰው የገዳዩን መኖሪያ በአንድ ማታ ዐወቀ። ዝም ቢል ኖሮ ማን ባወቀው! አንዲት ስድብ ማሳለፍ ተስኖት የያዘውን እውነት ያበላሸ ባለጕዳይ እኔም በችሎት አይቻለሁ።

ሦስተኛው ግን ጨዋታችንን አፈረሰው።

እርሱም ኢሳኦ ታካሃታ በ1988 ዓ.ም. የሠራው፥ ሴይታ ስለሚባል የ14 ዓመት ልጅና ሴትሱኮ ስለምትባል የ4 ዓመት እኅቱ የሚናገረው ፊልም ነው። በጦርነቱ መጨረሻ፥ በ1945 ዓ.ም.፥ የኮቤ ከተማ በእሳት ቦምብ ሲቃጠል እናታቸው ሞተች፤ አባታቸውም በባሕር ኃይል ዘምቷል። ልጆቹ አክስታቸው ቤት ተጠጉ። አክስታቸውም የሟቿን ልብስ በሩዝ አስለወጠች፤ ዳሩ ግን ሩዙ ለሥራ ለሚሄዱት ሲቀርብ ለሁለቱ ልጆች ቀጭን ሾርባ ይቀዳላቸው ነበር። ሥራ ፈት መሆናቸውንም በየገበታው ትነግራቸው ነበር። ሴይታ ይህን መታገሥ አቅቶት እኅቱን ይዞ ወጣ፤ በኩሬ ዳር ባለ የቦምብ መሸሸጊያ ዋሻ ኖሩ። አንድ ገበሬ ተመልሰህ አክስትህን ይቅርታ ጠይቅ ብሎ መከረው፤ አልሰማም። እናቱ በባንክ ያስቀመጠችው 7,000 የን ነበረ፤ ጨርሶ እስኪያወጣው ዘገየ። እኅቱ በራብ ሞተች፤ እርሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ በባቡር ጣቢያ ወድቆ ሞተ።

ልጆቼ እያለቀሱ ‹‹ሞኝ ነው! ይቅርታ ቢጠይቅ ምን ይጐዳው ነበር?›› አሉ። እኔም እንደ ዳኛ ድምፄን አሳምሬ ጥፋቱን በሦስት ከፈልሁት፤ አንደኛ ኵራት፥ ሁለተኛ ምክር አለመስማት፥ ሦስተኛ ገንዘቡን በጊዜው አለማውጣት።

በቤቴ የእኅቴ ልጅ ይኖራል፤ ዕድሜው 16 ነው። እናቱ ከሞተች በኋላ ከጊንጪ ያመጣሁት እኔ ነኝ። በኦሮምኛ የእናት ወንድም ኤሱማ ይባላል፤ እርሱ ግን የልጆቼን ቋንቋ ተከትሎ ጋሼ ይለኛል። እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ያልተናገረው ይህ ልጅ አንገቱን ደፍቶ፥ ‹‹ጋሼ፥ ልጁ የወጣው ራት ስለ ጐደለው አይደለም፤ ሲበላ ስለ ተቈጠረበት ነው›› አለና ተነሥቶ ወደ መኝታው ሄደ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በገበታ ፊት የተናገርሁትን ነገር አንድ በአንድ አሰብሁት። ጤፍ ተወደደ፤ በዚህ ቤት የሚበላ አፍ በዛ፤ ዘይቱ ትናንት ተገዝቶ ዛሬ አለቀ። ይህን ስናገር የእኔ ልጆች አይሰሙትም፥ ቤቱ የእነርሱ ነውና። እናት የሌለው ልጅ ግን እያንዳንዱን ቃል እንደ ጕርሻ ይቈጥረዋል። ‹‹የእናት ሞትና የድንጋይ መቀመጫ እያደር ይቈረቍራል›› ያሉት አባቶች ይህን ዐውቀው ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ፍርድ ቤት የልጁ ሞግዚት አድርጎኛል። ሞግዚት ለአካለ መጠን ላልደረሰው ልጅ ንብረት ሒሳብ ማቅረብ እንዳለበት ለስንት ባለጕዳይ በቃሌ አስረድቻለሁ! እኅቴ የተወችው አንዲት ላም ነበረች። በጊንጪ ገበያ ሸጥኋት፤ በገንዘቡም የቤቴን ቈርቈሮ አደስሁበት። ያን ሌሊት ዝናብ የሚመታው ቈርቈሮ የልጁ ላም ነበረች። የጃፓኗን አክስት ስነቅፍ ያመሸሁ ሰው፥ የእርሷን ሥራ ሠርቼ ተኝቻለሁ።

ሲነጋ ነገሩን ለባለቤቴ ብነግራት፥ ልጁ በመስከረም ትምህርቱን ትቶ ወደ ሆለታ ሄዶ በአበባ እርሻ ሊቀጠር መቍረጡን፥ ልብሱንም በከረጢት ማሰናዳቱን ነገረችኝ። እኔ ቤት ውስጥ እያለሁ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

ማታ ደብተር አወጣሁና የላሟን ዋጋ፥ የተሸጠችበትን ቀንና ገንዘቡ የገባበትን ጽፌ ለልጁ አነበብሁለት። ዕዳዬ ነውና እከፍልሃለሁ አልሁት። ረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፥ ‹‹እኔስ ላሟን አልጠየቅሁም›› አለኝ። ‹‹ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?›› ብለው፥ ‹‹ሰው ሳያየኝ መብላት›› አለ። እኔም ይቅርታ ጠየቅሁት። ሴይታ አክስቱን ይቅርታ ይጠይቅ ብዬ በቀላሉ የፈረድሁት ነገር ከአፍ ለማውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ጊዜ ዐወቅሁ።

ታሪኩን በ1967 ዓ.ም. የጻፈው አኪዩኪ ኖሳካ በዚያው በጦርነቱ ዓመት ታናሽ እኅቱን በራብ ያጣ ሰው ነበር። ለእኅቱም እንደ ሴይታ ያለ ደግ ወንድም እንዳልነበረ በኋላ ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ መጽሐፉ ተረት ብቻ አይመስለኝም፤ ዘግይቶ የቀረበ ሒሳብ ነው። ሕፃኒቱ የሞተችበትንም ቀን ኦገስት 22 ያደርገዋል። ይህን ወደ እኛ አቈጣጠር ብመልሰው ነሐሴ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሆነ። በልጅነቴ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደልና ዳዊት ስማር ነሐሴ 16 የምንናፍቀው ቀን ነበረ፤ የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ሕፃናት ሁሉ የሚጠግቡበት ቀን ነውና።

ዘንድሮ ያ ቀን በደረሰ ጊዜ በቤታችን ስለ ጤፍ ዋጋ የተናገረ የለም። የእኅቴ ልጅ ሁለት ጊዜ ጨምሮ በላ፤ እኔም ወደ ሌላ ወገን ተመለከትሁ። በመስከረም ለትምህርት ተመዘገበ። ከረጢቱ ግን እስከ መስቀል ድረስ ሳይፈታ ከአልጋው ሥር ቈየ፤ ይህም ተገቢ ነው፥ እምነት በአንድ ማታ አይመለስምና።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ብልኅ ከሰው፥ ሞኝ ከራሱ ይማራል ይባላል። እኔ ከሁለቱም ተምሬአለሁ። የሸሸ ልጅ ባያችሁ ጊዜ ሞኝነቱን ከመመርመራችሁ በፊት የወጣበትን ቤት ገበታ መርምሩ። በቤታችሁም የሰው ልጅ የምታሳድጉ እንደ ሆነ፥ የጤፉን ዋጋ በገበያ ተነጋገሩት እንጂ ወደ ገበታ አታምጡት።