ማንን ታጠግባለች?

ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ … ከዚህ ካለፍን የብዙዎቻችን የዓሣ ዕውቀት አበቃ። የቀረልን ሐይቅና ወንዝ ነውና አይፈረድብንም። ሰሞኑን ስለ አንዲት የቀይ ባሕር ዓሣ ሳነብ ከርሜ፣ በወጣትነታቸው ምጽዋ የባሕር ኃይል ባልደረባ ለነበሩት አባቴ ፎቶግራፏን አሳየኋቸው። ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳ አትሞላም ብላቸው፣ «ታዲያ ማንን ታጠግባለች?» አሉኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ዓሣዋ ጎቢ ከሚባለው ወገን ናት። ወገኑ ከ1,000 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ አንዱን ከሌላው መለየት ደግሞ የዓይን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ናሙናው አልኮል ውስጥ ሲቆይ ቀለሙ ይጠፋል። ስለዚህ መርማሪው አጉሊ መነጽር ላይ አጎንብሶ በክንፎቹ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን አጥንቶች ይቆጥራል፤ ራሱ ላይ ያሉትን ደቃቅ ቀዳዳዎች ይፈልጋል። ዛሬ ዛሬ ዲኤንኤውም ይታያል።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን መኖሪያዋ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ዓሣ የሰበሰበ፣ ሰሜን ተራራ ድረስ ዘልቆም ለዋሊያ ሳይንሳዊ ስም ያወጣ ሰው ነው። ያ ሁሉ የሰላ ዓይኑ ለዚህች ዓሣ አይበቃም ነበር። መንጠቆም መረብም አይደርስባትማ! ከ10 እስከ 53 ሜትር ጥልቀት፣ ቀይ አልጌ በሸፈነው የኮራል ዐለት ጥግና ጣሪያ ሥር፣ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ትኖራለች። ቀይ ብርሃን በውኃ ውስጥ ብዙ አይወርድምና፣ ጠላቂው መብራት ካልያዘ ቀይዋ ዓሣ ጥላ ናት። እንዲህ ያሉትን ጥቃቅን ዓሣዎች ለመያዝ ብዙ ጊዜ የቅርንፉድ ዘይት ይረጫል፤ ያው ሻያችን ውስጥ የምንጨምረው ቅርንፉድ ያደነዝዛቸዋል።

ያገኟት ተመራማሪዎች በሳውዲ አረቢያ ጠረፍ ሲጠልቁ ነው። መጀመሪያ የመሰለቻቸው በ1972 እ.ኤ.አ. ከአቃባ ባሕረ ሰላጤ በአንድ ናሙና ብቻ የታወቀች ሌላ ቀይ ዓሣ ነበረች። ሲቆጥሩና ሲያመሳክሩ አይደለችም። በ2024 እ.ኤ.አ. ሱኤቪዮታ ኤቶን ብለው ሰየሟት፤ ኤቶን የግሪኮችን የፀሐይ አምላክ ሠረገላ ከሚስቡት ፈረሶች አንዱ ነው። ሕዝባዊ ስሟ ግን «አኩራፊዋ» ነው። አፏ ወደ ታች የታጠፈ፣ ክራንቻዋ የገጠጠ፤ ያበደረችው ገንዘብ የቀረባት ትመስላለች።

ወደ አባቴ ጥያቄ ልመለስ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ በኮራል ሠፈር ከሚበላው የዓሣ ሥጋ ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው ከእንዲህ ያሉ ከተደበቁ ደቃቅ ዓሣዎች የሚመጣ ነው። ትልቁን ዓሣ የሚያጠግቡት እነሱ ናቸው።

ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየ ይሞታል። በ2015 እ.ኤ.አ. በሳውዲ የቀይ ባሕር ዳርቻ ይኸው ደርሷል። ኮራሉ ሞቶ ሲፈራርስ ቀዳዳውም አብሮ ይሄዳል። ያች የ1972ቷ የአቃባ ዓሣ፣ ተመራማሪዎቹ በ2024 ሲጽፉ፣ ሁለተኛ ናሙና ገና አልተገኘላትም ነበር።