መታጠፍ የነበረበት ብረት

መኪና ሲጫን ዝቅ ካለ ባሌስትራ ይጨመርለታል። ሶማሌ ተራ አጠገብ ባለ ጋራዥ እጄን በግራሶ ሳሟሽ የተማርኩት ይህንን ነው። ባለንብረቱ አይሱዙዋን ከአቅሟ በላይ ሊጭናት አስቦ ይመጣል፤ እኛም አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት እንደርብላታለን። ከዚያ በኋላ ባዶዋን ስትሄድ የሾፌሩን ወገብ ብትሰብረውም፣ ሻንሲዋ ቢሰነጠቅም፣ ባሌስትራውን የሚጠረጥር የለም። «ብረቱ ደካማ ነበር» ይባልና ሻንሲው ይበየዳል፣ ሥራ ይቀጥላል። አሜሪካ ከገባሁ ወዲህም እንጀራዬ የከባድ መኪና ጥገና ስለሆነ ያው እምነቴ ሳይነካ አብሮኝ ኖሯል፦ ጠንካራ ብረት ማለት የማይታጠፍ ብረት ነው።

ይህን ያስጣለኝ ከክንዴ የማይረዝም የአንዲት ትንሽ አውሮፕላን የጅራት ባሌስትራ ነው።

ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ሰው ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ጥገና የጨረሱ ቴክኒሻን ናቸው። ጡረታ ወጥተው ኮሎራዶ ልጆቻቸው ዘንድ ከመጡ በኋላ ቁጭ ማለት አልሆነላቸውም። ከዴንቨር ወጣ ብሎ ባለ አነስተኛ የአውሮፕላን ሜዳ ሀንጋር ተከራይተው ከፕላን ላይ አውሮፕላን መሥራት ጀመሩ። እዚህ አገር ይህ ሕጋዊ ነው፤ ከሥራው የሚበዛውን ክፍል ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብሎ በራሱ እጅ መሥራቱን ያሳየና ምርመራውን ያለፈ ሰው አውሮፕላኑ «ኤክስፐሪሜንታል» ተብላ ትመዘገብለታለች። እኔም እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እየሄድኩ አግዛቸዋለሁ። ብየዳ ላይ እጄ ጥሩ ነው፤ ይህን እሳቸውም አይክዱም።

የሚሠሯት የፓይፐር ከብን አምሳያ ነው። ጄ-3 ከብ እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1947 ወደ 20,000 ገደማ የተመረተች፣ 65 ፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር የምትበር፣ ሁለት ሰውና ነዳጅ ጨምሮ ሙሉ ክብደቷ 553 ኪሎ የሆነ ቢጫ አውሮፕላን ናት። ከፊት ሁለት ትልልቅ ጎማ፣ ከኋላ የቡጢ ያህል ትንሽ ጎማ አላት። በዚያ ዘመን ይህ የተለመደ አቀማመጥ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገባት ሲ-47 አውሮፕላንም በጅራቷ ነበር የምትቀመጠው። (ጋሼ ይህንን ሳያነሱ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም።) ልዩነቱ፣ የትልቋ አውሮፕላን የጅራት ጎማ በዘይትና በአየር የሚሠራ ድንጋጤ መቀበያ አለው፤ ትንሿ ያላት ግን ባሌስትራ ብቻ ነው።

ባሌስትራ የምንመርጥበት ቀን ሲደርስ ጋሼ ፊት ሁለት ነገር አስቀመጥኩ። አንዱ በፕላኑ መሠረት የተነባበሩ ሦስት ስስ ባሌስትራዎች ናቸው። ሌላው ከጋራዥ ያመጣሁት አንድ ወፍራም የመኪና ባሌስትራ ነው። ብረቱ 5160 የሚባለው ክሮም ያለው የስፕሪንግ ብረት ስለሆነ፣ በጥራቱ አልታማም ብዬ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቺን ስስ ነገር ትተው ይህንን ብናደርግላትስ? እስከ ልጅ ልጅዎ ይቆይልዎታል።»

ካሊፐራቸውን አውጥተው ውፍረቱን ለኩና «እሱስ ይቆያል። ጅራቷስ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝ። ስሌቱ ከባድ አይደለም። የባሌስትራ ግትርነት ከስፋቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከውፍረቱ ጋር ግን በኩብ ነው የሚያድገው። ውፍረቱን እጥፍ ያደረገ ሰው ግትርነቱን ስምንት እጥፍ አድርጎታል። ጅራቷ መሬት ላይ 30 ኪሎ ትጫናለች እንበል፤ ስሱ ባሌስትራ በዚህ ክብደት 2 ሴንቲ ሜትር ይታጠፍ። አብራሪው ትንሽ አበላሽቶ ጅራቷ ከ8 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ብትወድቅ፣ ባሌስትራው እስከ መጨረሻው ታጥፎ ሲመልስ ጅራቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል የክብደቷ አራት እጥፍ፣ ማለትም 120 ኪሎ ነው። ውፍረቱን እጥፍ እናድርገው፦ በዚያው ክብደት የሚታጠፈው ሩብ ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ኃይሉ ደግሞ ወደ ዘጠኝ እጥፍ ያድግና 270 ኪሎ ይደርሳል። አወዳደቁ ያው ነው፣ አውሮፕላኗም ያቺው ናት።

የተሳሳትኩ መስሎኝ ደጋግሜ አሰላሁት። አልተሳሳትኩም።

ያ 270 ኪሎ የት ይሄዳል? ወፍራሙ ባሌስትራ አይሰበርም፤ ልክ ነበርኩ። ኃይሉን ግን እሱ ካልዋጠው የሚቀበለው ከጀርባው ያለው የጅራት ምሰሶ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ቱቦ፣ እኔው ራሴ የበየድኩት። ያን ጊዜ ነው አይሱዙዎቹ ትዝ ያሉኝ። ባሌስትራ ጨምረን ገንዘብ ተቀበልን፤ ሻንሲው ሲሰነጠቅ በይደን እንደገና ተቀበልን። በሁለቱ መሐል ዝምድና ይኖር ይሆን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ባለንብረቶቹም አልጠየቁኝም፤ ግን ባለሙያው እኔ ነበርኩ።

ሦስት ስስ ባሌስትራ ለምን ይደረባል? ይህንንም ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈታና ስገጥም የኖርኩትን ዕቃ! ሦስቱ አንዱ በአንዱ ላይ ስለሚንሸራተቱ ግትርነታቸው የአንዱ ሦስት እጥፍ ብቻ ነው። የሦስቱን ውፍረት የያዘ አንድ ወጥ ብረት ግን 27 እጥፍ ይገትራል። በዚያ ላይ አንድ ብረት ሲታጠፍ ላዩ ይለጠጣል፣ ታቹ ይጨመቃል፤ በእኩል መታጠፍ ወፍራሙ የበለጠ ይጨነቃል፣ ቶሎም ይደክማል። ሲንሸራተቱ የሚፈጥሩት ፍትጊያ ደግሞ ዝላዩን ያበርደዋል።

ጠንከር ያለ ብረት ብንፈልግለትስ አልኳቸው። ሳቁብኝ። የብረት ዓይነትና የእሳት አሠራሩ ግትርነቱን አይለውጡትም፤ ለስላሳውም ጠንካራውም ብረት በአንድ ክብደት እኩል ይታጠፋሉ። ልዩነቱ ክብደቱ ሲነሳ ነው፦ አንዱ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ሌላው እንደተጣመመ ይቀራል። ታይታኒየም ግን የብረትን ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚገትረው፣ ክብደቱም ከብረት በእጅጉ ያነሰ ነው። ቀላልነቱ ዋጋ አለው፤ ጅራት ጫፍ ላይ የተጨመረን 1 ኪሎ ለማመጣጠን አፍንጫዋ ላይ ብዙ ኪሎ መጨመር ይጠይቃል። ዋጋውን ሰምተን ተውነው።

የቀረው ማዕዘኑ ነበር። የጅራት ጎማ የሚዞርበት ፔርኖ አለው። አውሮፕላኗ ሙሉ ጭነት ይዛ ስትቆም ይህ ፔርኖ ቀጥ ማለት ወይም አናቱ በትንሹ ወደ ኋላ መዘንበል አለበት። ባሌስትራው ደክሞ ከተዘረጋ የኋላ ጫፉ ወደ ላይ ይነሳል፣ የፔርኖው አናትም ወደ አፍንጫው ያጋድላል። ያኔ ጎማው እንደ ተበላሸ የሱፐርማርኬት ጋሪ ጎማ ግራና ቀኝ ይርገበገባል፤ የጅራቷን ብሎኖች የሚያላላው፣ አልፎም የሚሰብረው እሱ ነው። ሀንጋሩ ውስጥ እንዲህ የምትርገበገብ የሌላ ሰው አውሮፕላን ነበረች። ባለቤቷ ጎማውን ቀየረ፣ ጎማውን ከጅራቷ መሪ (ራደር) ጋር የሚያያይዙትን ሞላዎች ቀየረ፣ ለውጥ የለም። ጋሼ ቱምቢ ይዘው ተንበረከኩና ክሩን ከፔርኖው ጎን አንጠለጠሉት። አናቱ ወደ ፊት አጋድሏል። አዲስ ቅስት ያለው ባሌስትራ ሲገጠምላት ርግብግቡ ቀረ።

የእኛዋን ሙሉ ነዳጅ ሞልተን፣ ሁለታችንም ወንበሮቹ ላይ ተቀምጠን አንድ ወዳጃችን በቱምቢ አየልን። የገጠምነው ሦስቱን ስስ ባሌስትራዎች ነው። ከመግጠማችን በፊት ጋሼ እያንዳንዱን ባሌስትራ አገላብጠው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጠርዙን ዳሰሱት። ጥፍሩ አንድ ቦታ ያዘ፤ ግራይንደሬ ብረቱን አቋርጦ የተወው ጭረት ነበር። ስንጥቅ የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ነው አሉና በሞረድ፣ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት ወደ ርዝመቱ እየሳብኩ እንዳለሰልሰው አዘዙኝ። የብሎኑንም ቀዳዳ ጠርዝ እንዲሁ። በእሳት ላቅናው ለሚል ደግሞ መልሳቸው አጭር ነው፦ ችቦ የነካው ባሌስትራ ቆሻሻ ቅርጫት ይገባል።

ጋራዤ ባሌስትራ ጨምርልኝ የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። መጀመሪያ ስንት ኪሎ እንደሚጭን እጠይቀዋለሁ፤ ከተፈቀደው በላይ ከሆነ አልሠራለትም፣ ሌላ ጋራዥ ይሄዳል። እናንተም የጅራት ጎማ ያላት አውሮፕላን ልትሠሩ ወይም አሮጌ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ስለ ሞተሩ ከመጠየቃችሁ በፊት ሙሉ ጭነት አስይዛችሁ ከጅራቷ ጎን ተንበርከኩና ቱምቢ ጣሉ። የፔርኖው አናት ወደ አፍንጫው ካጋደለ ባሌስትራው ሳይቀየር ሞተሩን አታስነሱ።