አዲስ ቤት ምን መንፈስ አለው?

ቪዲዮ ቤት ውስጥ መንፈስ ስላለበት ቤት የተሠራ ፊልም ሲታይ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው መጮሁ አይቀርም። «እነዚህ ሰዎች ለምን ውልቅ ብለው አይሄዱም?» ይላል። ግድግዳው ደም ያነባል፤ ወንበሮች በራሳቸው ጊዜ ተነባብረው ጠረጴዛ ላይ ይወጣሉ፤ ሕፃኗ ከቴሌቪዥኑ ጋር ታወራለች፤ ቤተሰቡ ግን እዚያው ነው። ቁርስ በልቶ ወደ ሥራ ይሄዳል፣ ማታ ተመልሶ ይመጣል። እኔም በልጅነቴ በሃምሳ ሳንቲም አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቄ ሳይ ይኸው ጥያቄ ያብከነክነኝ ነበር። ዛሬ ሠላሳዎቹን አጋምሼ፣ ከፊልሞቹ አልፌ መጻሕፍቱንም ካነበብኩ በኋላ፣ መልሱ በጣም ቀላል ሆኖ ይታየኛል። የማይሄዱት ቤቱ ገና ተከፍሎ ስላላለቀ ነው።

ይህ ግን ዱሮ አልነበረም። እንግሊዛዊው ሆረስ ዋልፖል እ.ኤ.አ. በ1764 «የኦትራንቶ ቤተ መንግሥት»ን ሲያሳትም መንፈሱን ያስቀመጠው በመሳፍንት ግንብ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህም ለረጅም ጊዜ የአውሮፓና የአሜሪካ መናፍስት እንደ ባላባት ኖረዋል። የሚያድሩት አሮጌ ግንብ፣ የፈረሰ ገዳም፣ የሟች አያቶች ሥዕል በተደረደረበት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሸርሊ ጃክሰን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1959 ያን ድንቅ የ«ሂል ሀውስ» ልብ ወለዷን ስትጽፍ ቤቱን ከሰው ርቆ በኮረብታ መካከል ነው የገተረችው። አንባቢ እዚያ ድረስ ሄዶ ይፈራል፤ መጽሐፉን ሲዘጋ ወደ ራሱ ቤት ይመለሳል። የራሱ ቤት ሰላም ነው።

በ1970ዎቹ ግን መንፈሱ ጓዙን ጠቅልሎ እዚሁ ሰላም ወደተባለው ቤት ገባ። ሣሩ ወደታጨደ፣ መኪና ማቆሚያ ወዳለው፣ ማቀዝቀዣው ወደሚያጉረመርም ቤት፤ አሜሪካኖች «ሳበርብ» ወደሚሉት የከተማ ዳርቻ መንደር።

ስለዚህ መንደር ጥቂት ልበል፤ ነገሩ ያለ እርሱ አይገባምና። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰው አሜሪካዊ ወታደር ቤት አልነበረውም። መንግሥት ብድሩን ዋስ ሆነለት፤ ተቋራጮች ደግሞ ቤትን እንደ መኪና በተርታ ማምረት ጀመሩ። የሁሉም ምሳሌ የሆነው ሌቪታውን ከኒው ዮርክ ከተማ ወጣ ብሎ በሎንግ አይላንድ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1951 ባለው ጊዜ ብቻ 17,447 ቤቶች በድንች እርሻ ላይ በቀሉ። ሁሉም እንደ መንትያ ይመሳሰላሉ። በመጀመሪያዎቹ ውሎች ላይ ከነጭ ዘር ውጭ የሆነ ሰው በቤቱ እንዳይኖር የሚከለክል አንቀጽ ነበረበት፤ የቤት ሠራተኛ ከሆነ ግን ይፈቀዳል ይላል። (ይህችን «ሠራተኛ ከሆነ ግን» የምትለዋን ሐረግ አንባቢ ለጊዜው በኪሱ ይያዝልኝ።)

እንግዲህ ይህ ቤት ማንም ያልሞተበት፣ ማንም ያልተረገመበት፣ ቀለሙ ያልደረቀ ቤት ነው። ገዢው ሲከፍል የሚገዛው ጣሪያና ግድግዳውን ብቻ አይደለም። ያለፈ ታሪክ የሌለው መሆኑንም ይገዛል። አዲስ ቤት ምን መንፈስ አለው?

የመጀመሪያው መልስ ከዚያው ከሎንግ አይላንድ መጣ። አሚቲቪል በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1974 አንድ ወጣት ወላጆቹንና አራት ወንድምና እህቶቹን በተኙበት ገደለ። በዓመቱ በታኅሣሥ 1975 ሌላ ቤተሰብ ያንኑ ቤት በ80,000 ዶላር ገዝቶ ገባ። ለቤቱ ስፋት፣ ለመዋኛ ገንዳውና በውኃ ዳር ለመቀመጡ ዋጋው ርካሽ ነበር። ግን 28 ቀን ብቻ ኖረውበት ወጡ። ጄይ አንሰን በ1977 ይህን «እውነተኛ ታሪክ» ብሎ አሳተመው፤ መጽሐፉ በሚሊዮን ተሸጠ፤ በ1979 ፊልም ሆነ። የነፍሰ ገዳዩ ጠበቃ በበኩሉ ታሪኩን ከባለቤቶቹ ጋር ወይን ጠጅ እየጠጡ እንደፈበረኩት በዚያው ዓመት ተናግሯል። ከእነርሱ በኋላ የገቡት ሰዎችም ያስቸገራቸው ቤቱን ለማየት የሚጎርፈው ሕዝብ እንጂ መንፈስ አልነበረም።

ውሸትም ቢሆን ለምን እንዲያ ተነበበ? ስቲቨን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ አስፈሪ ሥነ ጽሑፍ በጻፈው መጽሐፉ የዚህን ፊልም ፍርሃት የገንዘብ ፍርሃት ነው ብሎታል። እኔም ትክክል ይመስለኛል። መጽሐፉን ከፍታችሁ እዩት። ሰውዬው ከዝንቡና ከሽታው እኩል የሚያስጨንቀው ሒሳቡ ነው። ቤቱ አልሞቅ ይለዋል፤ ማገዶ ይጨምራል፤ ሥራው ይበደላል። ለሠርግ ድግስ የተዘጋጀ 1,500 ዶላር ከኪስ ውስጥ ይሰወራል። ያንን ገንዘብ ሶፋ እያነሱ የሚፈልጉበት ቦታ ከመንፈሱ ሁሉ ይልቅ እኔን አስጨንቆኛል። መንፈስ ጠልሰምና ጠበል ይችለው ይሆናል፤ የጠፋ 1,500 ዶላር ግን ምን ይደረጋል?

አሜሪካኖች ነገሩን ከፍርድ ቤትም አድርሰውታል። ከኒው ዮርክ በስተሰሜን ናያክ በተባለች ከተማ አንድ ሰው ቤት ገዝቶ ቀብድ ከከፈለ በኋላ፣ ሻጯ ቀደም ሲል ቤቴ መናፍስት አሉበት ብለው በመጽሔት አስወርተው እንደነበር ሰማ። ውሉ ይፍረስልኝ አለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 በሰጠው ፍርድ፣ ሻጯ ራሳቸው ለሕዝብ ያወጁትን ሊክዱ አይችሉምና ቤቱ በሕግ ፊት መንፈስ ያለበት ነው ሲል ወሰነ፤ ገዢውም ውሉን እንዲያፈርስ ፈቀደለት። ዳኞቹ መንፈስ መኖር አለመኖሩን አልመረመሩም። ያሳሰባቸው የቤቱ ዋጋ ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን አን ሪቨርስ ሲደንስ በ1978 ያሳተመችው «የጎረቤት ቤት» ነው። በአትላንታ ዳርቻ፣ ደኅና ኑሮ ያላቸው ሰዎች በሚኖሩበት ጎዳና፣ ባዶ በነበረ ቦታ ላይ አንድ ወጣት አርክቴክት እጅግ ውብ ቤት ይሠራል። የሞተበት የለም፤ መቃብር አልነበረበትም። ነገር ግን የገባበት ሁሉ ይጠፋል፤ አንዱ ልጁን፣ አንዱ ትዳሩን፣ አንዱ ክብሩን ያጣል። የምትተርከው ጎረቤት ናት፤ መጋረጃ ገለጥ አድርጋ የምታይ፣ ከወዳጆቿ ጋር መለኪያ ይዛ ስለ ሰው ኑሮ የምታወራ። የመጽሐፉ ብልኀት እዚህ ላይ ነው። ቤቱ የሚያጠፋው ሰው አጥብቆ የያዘውን ነገር እየመረጠ ነው፤ ጎረቤቱም እያየ ዝም ይላል፤ ምክንያቱም መናገር ነውር ነው፣ የሰፈሩንም ዋጋ ያወርዳል። ሰፈር ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አትላንታን ማየት አያስፈልገውም።

ቶቢ ሁፐር ያዘጋጀውና ስቲቨን ስፒልበርግ የጻፈው «ፖልተርጋይስት» የተባለው ፊልም (1982) ደግሞ ነገሩን ገልጦ አወጣው። የቤቱ አባወራ ራሱ የዚያው መንደር ቤቶች ሻጭ ነው፤ ያውም ከሁሉ የበለጠ የሸጠ። ኩባንያው መንደሩን የሠራው በመቃብር ቦታ ላይ ነበር፤ መቃብሩን አዛውረናል ብሎ ድንጋዮቹን ብቻ አዛውሮ ሬሳዎቹን ትቷቸዋል። ለመዋኛ ገንዳ በተቆፈረው ጭቃ ውስጥ ሳጥኖቹ ብቅ ብቅ ሲሉ ፍርሃቱን አስታውሳለሁ። የበለጠ የሚከብደው ግን ቀደም ብሎ አለቅየው ሲያጽናናው የሚናገረው ነው። የጥንት ጎሣ መቃብር አይደለም እኮ፣ ተራ ሰዎች ናቸው ይለዋል።

«የጥንት ጎሣ» ማለቱ በከንቱ አይደለም። በዚያ ዘመን የቀይ ሕንዶች መቃብር የአሜሪካ አስፈሪ ታሪክ ሁሉ መፍቻ ቁልፍ ሆኖ ነበር። የአሚቲቪል መጽሐፍ የአካባቢው የታሪክ ሰዎች ባይቀበሉትም ቦታውን ከቀይ ሕንዶች ጋር ያያይዘዋል፤ «ዘ ሻይኒንግ» በተባለው የ1980 ፊልም ሆቴሉ በእንዲህ ያለ መቃብር ላይ ቆሟል፤ የኪንግ «ፔት ሴማተሪ» (1983) ከነጭራሹ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ገዢው መሬቱ የሌላ ሰው እንደነበር ያውቃል። ይህን እውቀት በቀን ሊሸከመው አይችልም፤ በማታ፣ በተረት፣ መብራት ጠፍቶ ግን ይሸከመዋል። የተረቱ ውለታ ደግሞ የመሬቱን ሰዎች ከሞቱ የቆዩ አድርጎ ማቅረቡ ነው። ሙት ያስፈራል እንጂ ካሳ አይጠይቅም። በመንደሩ እንዳይኖር የተከለከለው ሰው ራሱ ብዕርና ካሜራ ሲይዝ ግን ታሪኩ ይገለበጣል። ጆርዳን ፒል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው «ጌት አውት» መጀመሪያ ላይ አንድ ጥቁር ወጣት እንዲያ ባለ ጸጥተኛ መንደር በሌሊት መንገድ ጠፍቶት ይሄዳል። መንፈስ የለም። ሣሩና ጸጥታው ብቻ ይበቃል።

እህቴ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ብዙ ሐበሻ ባለበት ከዋሽንግተን ወጣ ያለ ሰፈር፣ በሠላሳ ዓመት ዕዳ ቤት ገዝታለች። ይህን ሁሉ በስልክ ሳወራላት ሳቀችብኝ። «መንፈስ ካለ ይምጣ፤ የወሩን ክፍያ ይጋራኛል» አለችኝ። ቀጥላ ግን የሚያስፈራት ጸጥታው እንደሆነ ነገረችኝ። ቡና አፍልታ ማን ልጥራ ስትል የምትጠራው ሰው በመኪና አርባ ደቂቃ ነው።

በእኛ አገር መንፈስ ቤት አይከራይም። ዛር በሰው ላይ ያድራል፤ አድባር በዛፍና በተራራ ነው፤ ቤት የሚፈራው ሰው ጥሎት ወና ሲሆን ነው። የሚገርመው፣ በአዲስ አበባ «ሰይጣን ቤት» ተብሎ የተጠራው በቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የነበረው የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ነው። ሰይጣኑ ፊልሙ ነበር። ሰው አዲስ ቤት ሲገባም ጠያቂው ከደጅ ሆኖ «ቤት ለእንቦሳ!» ይላል፤ ባለቤቱ «እንቦሳ እሰሩ!» ብሎ ይመልሳል፤ በዚህ ያልቃል። እናቴ በ2005 ዓ.ም. ተመዝግባ፣ ዓመታት ቆጥባ፣ ኮንዶሚኒየም ሲደርሳት የመጣው ዘመድ ሁሉ አራት ፎቅ በእግሩ እየወጣ፣ እያለከለከ እንዲህ አለ። አራተኛ ፎቅ ላይ ማን እንቦሳ እንደሚያስር የጠየቀ የለም።

ብሎካችን የቆመው በከተማው ዳርቻ፣ የገብስ ማሳ በነበረ ቦታ ነው። ይህን የነገሩኝ የግቢያችን ጥበቃ አባባ ናቸው። ማሳው የእሳቸው ነበር። በጣታቸው ያሳዩኛል። አውድማው የቆሻሻ ገንዳው ያለበት ነው፤ በረታቸው የኛ መወጣጫ ደረጃ ግድም ነው። አባታቸው የተቀበሩት ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ከሥራችን አጥንት የለም፤ ይህንንም ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፣ እንዳልፈራ ይመስለኛል። የተነሡት በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። በአዋጁ መሠረት በቋሚነት የሚነሣ ገበሬ የመፈናቀያ ካሳ የሚከፈለው በአምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ስሌቱን በሦስት ዓመታት ውስጥ ወደተገኘው ከፍተኛ ገቢ ቀይሮ ማባዣውን 15 አድርጎታል፤ እሳቸው ግን አልደረሰባቸውም። ገንዘቡ አለቀ። ጥበቃ ሆነው ወደ ማሳቸው ተመለሱ። እኛ ስንገባ በር ላይ ቆመው «ቤት ለእንቦሳ» ካሉን አንዱ እሳቸው ናቸው፤ እናቴም «እንቦሳ እሰሩ አባባ» አለቻቸው።

አማርኛ ደራሲ ስለዚህ ግቢ አስፈሪ ታሪክ ልጻፍ ቢል በምን ይጀምራል? የአሜሪካኖቹ ዘዴ አይሠራለትም። የመሬቱ ሰው አልሞተም። ጠዋት ጠዋት ያየናል፤ ሻንጣ ያግዘናል፤ የሁላችንንም ልጆች በስም ያውቃል። ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፣ እኔ በግቢው በሌሊት ስሄድ ፈርቼ አላውቅም፤ በቀን ግን አንዳንዴ እግሬ ከበድ ይለኛል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የአሚቲቪልን መጽሐፍ ይዤ ስገባ ሽፋኑ ላይ ያለውን ቤት አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አጠር አድርጌ ነገርኳቸው፤ ሰዎች ተበድረው ቤት ገዙ፣ መንፈስ አስቸገራቸው፣ በ28 ቀን ጥለው ወጡ።

«የከፈሉትን ትተው?»

«ትተው።»

«ከዚያ በፊትስ መሬቱ የማን ነበር?»

«መጽሐፉ የቀይ ሕንዶች ነበር ይላል።»

ጥቂት ዝም ብለው ሽፋኑን አዩትና፣ «ካሳ ተሰጣቸው?» አሉኝ።

«ይህን አይጽፍም» አልኳቸው።

መጽሐፉን መለሱልኝና የብረት በሩን ከፈቱልኝ።