ሌንሱና የእማዬ አምፖል

ሰው ባለው ካሜራ ረክቶ አያውቅም። ይህን የምለው ሌላውን ለመንቀፍ ሳይሆን ራሴን ስለማውቅ ነው። አንድ ሌንስ ከሦስት ወር በላይ በሕልሜም በውኔም ሲያባንነኝ ከርሟል። ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚሳብ፣ በኤፍ 2.8 የሚከፍት፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ነጭ የካነን ሌንስ ነው። ሠርግ ቤት ይዘውት ሲገቡ ሙሽራው ሳይቀር ዞሮ ያየዋል።

ዋጋውን ግን አታንሱብኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ለዓመታት ያጠራቀምኳት ገንዘብ ቁጥሯ ሳይነካ ግማሽ ሌንስ ሆና አገኘኋት። ግማሽ ሌንስ ደግሞ አይሸጥም። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ፣ «የጎደለውን እኔ ሞልቼ በሻንጣዬ አመጣልሃለሁ፤ አንተ ብቻ ቁርጡን ንገረኝ» አለችኝ።

ቁርጡን ለመናገር ሌንሱን ለምን እንደፈለግሁት ማወቅ ነበረብኝ። «ለሥራ ነው» እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬአለሁ። እውነቱ ሌላ ነው።

አባቴ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፍ ለለቅሶው የሚሆን ፎቶ ከቤት ታጣ። ካሜራ አንግቶ የሚዞር ልጅ ያለው ሰው! በመጨረሻ መታወቂያው ላይ የነበረችውን ጉርድ ፎቶ ፎቶ ቤት ወስደን አስተለቅናት። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ከአባቴ ይልቅ በወንጀል የተጠረጠረ ሰው ይመስላል። ድንኳኑ ውስጥ ያለቀሰው ሁሉ እሱን እያየ ነው ያለቀሰው። ያን ጊዜ «እማዬን በደንብ ሳላነሣት አላድርም» ብዬ ነበር፤ ይኸው ስንት ዓመት አደርኩ።

እማዬ በቀን ካሜራ ፊት ከቆመች ትገተራለች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ እሷም መታወቂያ ትሆናለች። የራሷን ፊት የምታገኘው ማታ፣ በዚያች አንዲት አምፖል ሥር ቡና እያፈላች ከጎረቤት ስትጫወት ነው። ፍላሽ ሳበራባት፣ «ምነው ልጄ፣ መብረቅ ታወርድብኛለህ?» ብላ ዓይኗን ትጨፍናለች። ያለ ፍላሽ ሳነሣት ደግሞ ትደበዝዛለች።

አንድ ምሽት ተቀምጬ የሁለት ዓመት ፎቶዎቼን መረመርኩ። ዲጂታል ካሜራ ደግነቱ እያንዳንዱ ፎቶ እንዴት እንደተነሣ መዝግቦ ያስቀምጣል። የተበላሹት የእማዬ ፎቶዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከካሜራው ጋር በመጣው ሌንስ፣ በ55 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 5.6፣ በሰከንድ 1/15 የተነሡ ናቸው። «ምነው ትንሽ ባቀረብኳት» የሚያሰኝ ፎቶ አንድም አልነበረም። እኔንና እማዬን የሚለየን ረከቦት እንጂ ሜዳ አይደለም። የጎደለኝ ብርሃን ነበር።

የኤፍ ቁጥር የሚገኘው የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ለብርሃን መግቢያው ስፋት ሲካፈል ነው። 200ን ለ2.8 ብናካፍል 71 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ነጩ ሌንስ የሚከብደውና የሚወደደው በአብዛኛው ይህን የሚያህል መስተዋት ስለተሸከመ ነው። ለ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 1.8 ግን 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህም 160 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ሆኖም ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ኤፍ 2.8 የሚያስገባው አራት እጥፍ ነው።

ትንሹን ሌንስ ከጓደኛዬ ለአንድ ማታ ተዋስኩ። በኤፍ 1.8 ያነሣኋቸው የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች አንድ ዓይን ጥርት፣ ሌላው ጭጋግ ሆኑ። ሰፊ ቀዳዳ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው። ወደ ኤፍ 2.8 አጠበብኩት፤ ሰከንዱም 1/60 ሆነልኝ። ይህን ያህል ብርሃን ነጩም ይሰጠኝ ነበር፤ ግን እንደ መድፍ ተደግኖበት ማን ሰው ይጫወታል? እማዬ ትንሿን ከቁም ነገርም አልቆጠረቻት። ጎረቤታችን አንድ ነገር ስታወራ ሲኒውን እንደያዘች ሳቀች፤ የወለቀ ጥርሷን በእጇ ለመሸፈን ስትል አነሣኋት።

ፎቶውን ካሜራው ላይ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው።

«ይቺን አስቀምጣት፤ ትሆናለች» አለችኝ።

ለምን እንደምትሆን አልጠየቅኳትም።

በማግሥቱ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። «ትንሿን አምጪልኝ፤ የሚጎድል ገንዘብ የለም» አልኳት። ከተረፈው ላይ ፎቶውን አስተልቄ፣ ፍሬም አስገብቼ ቤት ሰቀልኩት።

ነጩ ሌንስ አሁንም አልፎ አልፎ በሕልሜ ይመጣል። ይምጣ፤ ሕልም ቀረጥ የለውም።