ከገዳሪፍ እስከ ሎድ

ዛሬ ከቀትር በኋላ፣ እዚህ ገዳሪፍ በእትዬ ቤት ቡናው ሁለተኛ ሲቀዳ፣ እኒያ የአምቦበሯ አብሮ አደጋቸው ከእስራኤል አገር ደወሉላቸውና፣ ሰላምታው እንደ ውዳሴ ማርያም ስለ ረዘመበት ይመስለኛል፣ ከጎኔ የተቀመጠው ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ ከገዳሪፍ እስከ ሎድ አውሮፕላን ማረፊያ ያለውን ርቀት ለክቶ «2,000 ኪሎ ሜትር፤ ቢበዛ ሦስት ሰዓት» ብሎ ዐወጀልን።

ቁጥሩ ሐሰት የለበትም፤ ሁለቱ ስፍራዎች በአንድ መስመረ ኬንትሮስ ላይ ለመዋል ጥቂት የቀራቸው ናቸውና። ዳሩ ግን በ1977 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ከጎንደር ምድር በእግራቸው ወርደው በኡም ራኩባ መጠለያ የከረሙት ቤተ እስራኤል በሌሊት ካርቱም ተወስደው ሲሳፈሩ፣ ሱዳን የዓረብ ሊግ አባል ነበረችና በቀጥታ መብረር ስላልተቻለ፣ እስከ ብራስልስ ከ4,600 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ሄደው፣ ከ3,000 በላይ ቁልቁል ተመልሰው ነው የተመኟትን ምድር የረገጧት። የእትዬ ወዳጅ ነዳጅ እስኪቀዳ ድረስ በመስኮት ያዩት በረዶ የተሰጣ ጥጥ መስሏቸው እንደ ነበር ዛሬም ተረኩልን። ቀጥታው መንገድ የተገኘው የጉዞው ምሥጢር ከወጣ በኋላ፣ በመጋቢት፣ የአሜሪካ አየር ኃይል ሄርኩለሶች ከዚሁ ከገዳሪፍ አጠገብ ተነሥተው 500 ያህል ሰው ሲወስዱ ነው፤ በመንገድና በመጠለያ የቀሩት ወደ 4,000 ይጠጋሉ ይባላል፤ ነፍስ ይማር።

ክብረ ነገሥትን ያነበበ ሰው እንኳ፣ የቀዳማዊ ምኒልክ ሠረገሎች ከምድር ክንድ ያህል ከፍ ብለው የ13 ቀን መንገድ በአንድ ቀን እንደ ፈጸሙ ያውቃል። ያለ ትራንዚት!

የኔ ቁስል ግን ሌላ ነው። ሱዳን በጥቅምት 2010 ሰዓቷን በአንድ ወደ ኋላ ከመለሰች ወዲህ፣ እኛም ከንጋት እነሱ ከእኩለ ሌሊት እየቆጠርን፣ የጋላባት ግድግዳ ሰባት ሲል ከድልድዩ ማዶ መተማ ላይ ሁለት ይላል። ይህን ሁሉ በሚገባ ደምሬና ቀንሼ፣ በ2011 ከጎንደር አዲስ አበባ ልበር መተማ አድሬ ብነሣ፣ ቲኬቱን የሸጠልኝ ሰው (ስሙን አልጠራም) የፈረንጁን 10:40 በጥሩ አማርኛ «አሥር ሰዓት ከአርባ» ብሎ አንብቦልኝ ኖሮ፣ የሸሕዲንና የአይከልን አቧራ ለብሼ፣ ሰሊጤን ታቅፌ፣ በትጋቴ ራሴን እያመሰገንሁ በስምንት ሰዓት አዘዞ ስደርስ፣ አውሮፕላኑ ከበረረ ሦስት ሰዓት አልፎታል። ዘበኛው በትሕትና «አባቴ፣ ለነገው ነው የመጡት?» አለኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እትዬ ገና ስልኩን አልዘጉም። ወዳጃቸው «አንቺ ዘንድ ስንት ሰዓት ነው?» ቢሏቸው፣ የእጅ ሰዓታቸውን ከአገር ቤት አቆጣጠር ነቅንቀውት ስለማያውቁ «አሥራ አንድ» አሉ፤ እሳቸው «እኔ ዘንድ አራት» አሉ። በጥር የገዳሪፍና የእስራኤል ሰዓት አንድ ነው ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሩብ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩበት፤ እኔን የጠየቀኝ የለም።