ዝም ያለ ቆዳ፦ ገቺ ሕዋሳትና የአንቲቦዲ ምላሽ በቡናው ምድር

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ርእስ በምመርጥበት ወቅት፣ ከቴፒ ወጣ ብሎ በሚገኝ የቡና መንደር ከጤና ባለሙያዎች ጋር ለጥቂት ቀናት ተዘዋውሬ ነበር። የሄድነው በፈጣን ወንዞች በሚራባ ጥቁር ዝንብ የሚተላለፈውን ኦንኮሰርካይሲስ ለመመርመር ነው። ይህ የቆዳና የዓይን በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1939 በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ነው።

በአንድ ቤት ያገኘናቸው ቡና ለቃሚ እናት እግራቸው ከማከክ ብዛት ጠቁሮና ሻክሮ ነበር። ባለቤታቸውን ልንመረምር ስንል፣ "እሱን ተወው ልጄ፤ እሱ ጤነኛ ነው። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ" አሉኝ። ባልየውም በየዓመቱ የሚታደለውን ክኒን አይወስዱም። "ምን ሆኜ ነው የምውጠው? ጎረቤቴ ውጦ ፊቱ ሲያብጥ አይቻለሁ" አሉ።

ከሁለቱም የተወሰደው ቅንጣት ቆዳ በጨው ውኃ ውስጥ ቆይቶ በማይክሮስኮፕ ታየ። ከእናቲቱ ናሙና የወጡት የትል እጮች ጥቂት ነበሩ፤ ከባልየው ናሙና እየተጥመለመሉ የወጡት ግን ለመቁጠር ያታክቱ ነበር። ባልየው ራሳቸው በማይክሮስኮፑ አይተው ለጊዜው ዝም አሉ፤ ቆይተውም፣ "ታዲያ እኔን ለምን አይሰማኝም?" ብለው ጠየቁኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ ማሳከክን የበሽታው መጠን መለኪያ አድርጌ እወስድ ስለነበር የምመልሰው አጣሁ።

መልሱን ፍለጋ ወደ ቀደሙ ጥናቶች ስመለስ፣ መንገዱ ከትል ሳይሆን ቆዳን ከሚያስቆጡ ኬሚካሎች ጀመረ። እነዚህ ኬሚካሎች ደቃቅ በመሆናቸው ብቻቸውን የመከላከል ሥርዓቱን አይቀሰቅሱም፤ ከሰውነት ፕሮቲን ጋር ሲጣበቁ ግን እንደ ባዕድ ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1946 ሜሪል ቼዝ፣ እንዲህ ያለውን ኬሚካል አስቀድመው በአፋቸው የወሰዱ ጊኒ ፒጎች ኋላ ቆዳቸው በዚያው ኬሚካል እንደማይቆጣ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ቶሚዮ ታዳና ኮ ኦኩሙራ፣ ከዚሁ ወገን የሆነውን ዳይናይትሮፊኒል ከወስፋት ፕሮቲን ጋር አጣብቀው አይጦችን ከተቡ። አይጦቹም አለርጂ የሚያስነሣውን አንቲቦዲ አመረቱ። ታይመስ ዕጢያቸው በወጣላቸው አይጦች ምርቱ በረታ፤ በቅድሚያ ደጋግመው ከተከተቡ አይጦች የተወሰዱ የታይመስ ሕዋሳት ሲሰጧቸው ግን ተገታ። ስለዚህ አንቲቦዲ እንዲመረት የሚያግዙ ሕዋሳት እንዳሉ ሁሉ፣ ልጓም የሚሆኑም አሉ ማለት ነው።

"ገቺ ቲ ሕዋስ" የሚለው ይህ ሐሳብ በ1970ዎቹ ከገነነ በኋላ መልሶ ወደቀ። የሕዋሱ መለያ ነው የተባለው አይ-ጄ የተሰኘ ሞለኪውል፣ ዘረ መሉ በተጠበቀበት ቦታ እንደሌለ እ.ኤ.አ. በ1983 ተደርሶበት ነበርና። ሐሳቡ ስሙም መልኩም ተለውጦ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1995 ሺሞን ሳካጉቺ ሲዲ25 የተባለ ምልክት ያላቸውን ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት ለይቶ ሲያሳይ ነው። እ.ኤ.አ. የ2025 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለእርሱ፣ ለሜሪ ብሩንኮውና ለፍሬድ ራምስደል የተሰጠው ለዚሁ ዘርፍ ነው።

የባልየው ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። አዋቂዋ ትል ከቆዳ ሥር ባለ እባጭ ውስጥ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ የምትኖረው ያደረችበትን ሰው የመከላከል ሥርዓት በማዘናጋት ነው። ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት ኢንተርሉኪን-10 ሲያመነጩ፣ ቢ ሕዋሳት ከአይጂኢ ይልቅ ወደ አይጂጂ4 ምርት ያዘነብላሉ። አይጂኢ ማስት ሕዋሳትን ቀስቅሶ ማሳከክንና እብጠትን ያስነሣል፤ አይጂጂ4 ግን ያንኑ ባዕድ አካል ቀድሞ ቢይዝም ማስት ሕዋሳትን አይቀሰቅስም። በዚህ ምክንያት ብዙ እጭ የተሸከመ ሰው ቆዳው ዝም ሊል ይችላል። በተቃራኒው ጫፍ "ሶውዳ" የሚባለው የበሽታው ዓይነት አለ፤ ተቆጣጣሪ ሕዋሳቱ አነስተኛ፣ አይጂኢው ከፍተኛ፣ እጩ ጥቂት፣ የቆዳው ሥቃይ ግን ብርቱ ነው። አብዛኛው ታማሚ በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ይገኛል።

ይህ ዕውቀት ከቤተ ሙከራ ውጭም ዋጋ አለው። ጥቁር ዝንብ እጭ የምትቀስመው ከሚያሳክከውም ከማያሳክከውም ሰው ነው፤ ክኒኑን "አያስፈልገኝም" የሚለው ግን ይበልጡን የማያሳክከው ነው። አይቨርሜክቲን እጮቹን በብዛት ሲገድል ከሞቱት እጮች የሚወጣው ፕሮቲን ያንን ዝምታ ይሰብረዋል፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ፊት ያብጣል። ጎረቤት የሚያየው እብጠቱን እንጂ የእጮቹን መሞት አይደለም። መድኃኒቱ አዋቂዋን ትል ስለማይገድል በየዓመቱ መደጋገሙ ግድ ነው፤ አንድ ጊዜ የፈራ ሰው ደግሞ በቀላሉ አይመለስም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በሽታውን ከመቆጣጠር አልፋ ለማጥፋት እየሠራች ነው። ሥርጭቱ መቆሙን ለማረጋገጥ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጣቸው መለኪያዎች አንዱ፣ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ደም ውስጥ ኦቪ16 ለተባለው የትሉ ፕሮቲን የተሠራ አይጂጂ4 ከ0.1 በመቶ ባነሰ ቁጥር መገኘቱ ነው። በሽታውን ከሚደብቀው ዝምታ ጋር አብሮ የሚመረተው አንቲቦዲ፣ ራሱ የበሽታው ምስክር ሆኖ ተገኘ።

ለጥናቴ በመጀመሪያ ያዘጋጀሁት ንድፈ ሐሳብ ናሙና የሚወስደው ከሚያሳክካቸው ሰዎች ብቻ ነበር። ከቴፒ እንደተመለስሁ ያንን መስፈርት ሰረዝሁት። አይጂኢና አይጂጂ4 ጎን ለጎን የሚለኩት ከአንድ ቤት ከሚኖሩ፣ ከሚያኩትም ከማያኩትም ሰዎች እንዲሆን አደረግሁ። ለባልየውም ዛሬ ብመልስላቸው፣ "አይሰማዎትም ማለት የለብዎትም ማለት አይደለም፤ ሰውነትዎ ችሎት ነው" እላቸዋለሁ።